ሐዘንና ቂም በሐምዛ (ረ.ዐ.) ታሪክ ውስጥ



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ወጣት ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ አገሩ የወሎ ገጠር ነው ማለት ይበቃል። ባለፈው ዓመት በሸዕባን ወር፣ አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ መስጊድ ግቢ ውስጥ ጠብቆኝ «ኡስታዝ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለኝ። ኡስታዝ እንዳልሆንኩ፣ ሥራዬ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። «ይሁን፤ ለሚያውቁት ያደርሱልኛል» ብሎ ቀጠለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ወጣት አንድ አብሮ አደግ ነበረው። ቤታቸው ጎን ለጎን ነው። ከብት የጠበቁት አንድ ላይ፣ ቁርኣን የቀሩትም ከአንድ ሸህ ዘንድ ነው። ለሁለቱ ሁለት ሉሕ ስላልተገኘላቸው አንዱ በሉሑ ፊት፣ ሌላው በጀርባው እየጻፉ ነው ፊደል የለዩት። የዛሬ ሰባት ዓመት ግድም በግጦሽ መሬት በተነሣ ጠብ ይህ አብሮ አደጉ ተገደለ። ገዳዩ የጎረቤት መንደር ሰው ነው፤ ተይዞ፣ ተፈርዶበት ታሰረ። አሁን የእስር ጊዜው ሊያልቅ ስለተቃረበ የሁለቱ መንደር ሽማግሌዎች፣ በወሎ አጠራር አበጋሮቹ፣ ደሙ እንዲደርቅ የእርቅ ቀን ቆርጠዋል። የሟች እናትም ካሳውን ለመቀበል እሺ ብለዋል።

ወጣቱን ያንገበገበው ይህ ነው። «ደሙን ሸጡት» አለኝ። «እኔንም አፉ በል እያሉ ይጨቀጭቁኛል። አፉታን ሱቅ ሄጄ የምገዛው ይመስላቸዋል። ሆዴ ውስጥ የሌለውን ከየት አምጥቼ ልስጣቸው? ደግሞስ አፉ ካልኩ ከሰውየው ጋር ተቀምጬ ቡና ልጠጣ ነው?» ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይኑ ደረቅ ነበር። አልቅሶለት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። ጥያቄዬን እንደ ስድብ ቆጠረብኝ። «የማለቅሰው ደሙን የመለስኩ ቀን ነው» አለ።

ይህ አነጋገር ለእኔ አዲስ አልነበረም። ከአሥራ አራት መቶ ዓመታት በፊት የመካ ቁረይሾች ያሉት ይህንኑ ነውና። በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 624) በረመዷን ወር በበድር ዘመቻ ቁረይሾች ሰባ ያህል ሰው ሞተባቸው። ከሟቾቹም ብዙዎቹ ታላላቅ መሪዎቻቸው ነበሩ። መርዶው መካ ሲደርስ ለቅሶ ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ግን የከተማዋ ሹማምንት ለቅሶ ከለከሉ። የኢብኑ ኢስሓቅ ሲራ የሚሰጠው ምክንያት ሙስሊሞች ሰምተው ደስ እንዳይላቸው ነው የሚል ነው። አል-ዋቂዲ ደግሞ በመጋዚ መጽሐፉ የአቡ ሱፍያንን ሐሳብ ጨምሮ ይነግረናል፤ ሙታኖቻችሁን ካለቀሳችሁላቸው ንዴታችሁ ይበርድና ጠላትነታችሁ ይቀንሳል ማለቱን። አቡ ሱፍያን በዚያን ጊዜ ገና ሙሽሪክ ይሁን እንጂ የሰው ልብ እንዴት እንደሚሠራ ጠንቅቆ ያውቅ እንደነበር ከዚህ መረዳት አያዳግትም። እንባ የበቀልን እሳት እንደሚያጠፋ ስላወቀ እንባውን አስቆመው። እርሱም ራሱ መዲናን ሳይወር ራሱን ውሃ እንዳይነካው ማለ።

የዚህን አዋጅ ክፋት ለማየት የአንድ ሽማግሌ ታሪክ ይበቃል። አል-አስወድ ኢብኑል ሙጦሊብ ይባላል፤ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነበር። በበድር ከአብራኩ ክፋዮች ሦስቱን በአንድ ቀን አጥቷል። ሊያለቅስላቸው እየፈለገ አዋጁን ፈርቶ ዝም ብሎ ተቀመጠ። አንድ ሌሊት የሴት ልቅሶ ሰማ። ወዲያው አሽከሩን ጠርቶ፣ ሂድና ለቅሶ ተፈቅዶ እንደሆነ እይልኝ፣ እኔም ሆዴ ተቃጥሏልና ላልቅስ አለው። አሽከሩ ሄዶ ተመለሰ። ሴትየዋ የምታለቅሰው ግመል ጠፍቶባት ነበር።

ለግመል ይለቀሳል፤ ለልጅ ግን አይለቀስም። ጃሂሊያ ሲባል ብዙዎቻችን ጣዖትና ሴት ልጅን መቅበር ብቻ ይታየናል። እኔ ግን ይህ ሌሊት ከእነዚያ ተራ የሚያንስ አይመስለኝም። ያ ሁሉ የታፈነ እንባ የት ሄደ? በዓመቱ ወደ ኡሑድ ሄደ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ቁረይሾች ከበድር ያመለጠውን የንግድ ቅፍለት ትርፍ ለዚሁ ዘመቻ አዋሉት። ሐምዛ የተገደለውም በዚህ ዘመቻ ነው።

ሐምዛ ኢብኑ ዓብዱል ሙጦሊብ (ረ.ዐ.) የመልዕክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) አጎት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን «አጎት» የሚለው ቃል አሳስቶን በዕድሜ የገፋ ሰው አድርገን እንስለዋለን። ሐምዛ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጥቂት ዓመታት ብቻ የሚበልጥ፣ ከእኩያ የሚቆጠር ሰው ነበር። የአቡ ለሀብ ባሪያ የነበረችው ሡወይባ ሁለቱንም ስላጠባቻቸው የጡት ወንድማማች ናቸው። የሐምዛ እናት ሃላና የነቢዩ እናት አሚና የአጎትና የአጎት ልጆች ሲሆኑ ሁለቱም ከበኑ ዙህራ ናቸው። ስለዚህ በአባት በኩል አጎት፣ በእናት በኩል የቅርብ ዘመድ፣ በጡት ወንድም፣ በዕድሜ ጓደኛ ነበር። የጡት ወንድምነቱ በስም ብቻ የቀረ አልነበረም። ከዓመታት በኋላ የሐምዛን ልጅ እንዲያገቡ ሐሳብ ቢቀርብላቸው፣ የጡት ወንድሜ ልጅ ስለሆነች አትፈቀድልኝም ማለታቸው በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። በአማርኛ አብሮ አደግ የምንለው ማለት ይህ ነው።

ሐምዛ እስልምናን የተቀበለውም በዚሁ ፍቅር የተነሣ ነው። አቡ ጀህል በሶፋ አካባቢ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲሰድብና ሲያዋርድ አንዲት ሴት አይታ ነበር። ሐምዛ ከአደን ሲመለስ ነገረችው። ቀስቱን እንደያዘ ካዕባ ዘንድ ሄዶ በሰው መካከል የአቡ ጀህልን ራስ በቀስቱ ፈነከተው፤ እኔም በእርሱ ሃይማኖት ነኝ አለ። ልብ በሉ፤ መነሻው ቁጣ ነበር። ለወንድም የመቆጣትን ስሜት እስልምና ከሥሩ ነቅሎ አልጣለውም። አቅጣጫና ልክ ነው ያበጀለት።

በበድር ዕለት ሐምዛ ከገደላቸው የቁረይሽ ሰዎች አንዱ ጡዐይማ ይባላል። የጡዐይማ የወንድም ልጅ ጁበይር ኢብኑ ሙጥዒም አንድ ሐበሻ ባሪያ ነበረው፤ ስሙም ወሕሺይ ኢብኑ ሐርብ ነው። ጁበይር፣ በአጎቴ ደም ፋንታ ሐምዛን ከገደልክልኝ ነፃ ነህ አለው። ከዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ወሕሺይ ሐምዛን የሚጠላበት አንዳች ምክንያት አልነበረውም። የተበደለበት የለም፤ የሞተበትም የለም። የሌላ ሰው ቂም ነው በትከሻው የተጫነው፤ ኪራዩም የገዛ ነፃነቱ ነበር። በቀል ይህ ጠባይ አለው፤ ባለቤቱ ባልሆነ ሰው እጅ ነው የሚፈጸመው። በአገራችንም በደም መመላለስ ለሞቱ ሰዎች ማን ተኮሰ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጠብ ሲነሣ ገና ያልተወለደ ልጅ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

እኛ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ስለ ቢላልና ስለ ነጃሺ ለመጻፍ ብዕራችን አይደክምም። ወሕሺይን ግን የአገራችን ሰው ብሎ የሚያነሣው የለም። አላፈርድባችሁም፤ እኔም አፍሬበት ኖሬአለሁ። ሆኖም ታሪኩ እስከ መጨረሻው ሲነበብ የሚያሳፍር ብቻ አይደለም።

በ3ኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 625) በሸዋል ወር በኡሑድ ተራራ ግርጌ ውጊያ ሆነ። ወሕሺይ እንደ ሐበሾች ልማድ ጦር ሲወረውር የሚስት ሰው አልነበረም። ከቋጥኝ ሥር አድፍጦ ሐምዛ እስኪቀርብለት ጠበቀ፤ ወርውሮም ሆዱን ወጋው። በኢብኑ ኢስሓቅ ዘገባ መሠረት ጦሩን መልሶ ወስዶ ወደ ሰፈር ሄደና ቁጭ አለ፤ ከሐምዛ በቀር ሌላ ጉዳይ አልነበረውምና። ከውጊያው በኋላ የሙስሊም ሸሂዶች አስከሬን ተቆራረጠ። የሐምዛም ሆዱ ተቀደደ። የዑትባ ልጅ ሂንድ ጉበቱን አላምጣ እንደተፋችው በዚሁ ሲራ ተጽፏል። ይህን ታሪክ ስንሰማ ሂንድን እንደ አውሬ እናያታለን። እርሷም ግን አባቷን፣ አጎቷንና ወንድሟን በበድር አንድ ጠዋት ያጣች፣ እንዳታለቅስም የተከለከለች ሴት መሆኗን እንዘነጋለን። ድርጊቷን ይህ አያነጻውም፤ ከየት እንደመጣ ግን ያሳያል።

መልዕክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) የአብሮ አደጋቸውን አካል በዚያ ሁኔታ አዩት። እህቱ ሶፊያ ሁለት ጨርቅ ይዛ ለከፈን መጣች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወንድሟን እንዲያ ሆኖ እንዳታየው ልጇን ዙበይርን መልስልኝ ብለው ላኩት። እርሷ ግን መቆራረጡን እንደሰማች፣ ይህም በአላህ መንገድ ትንሽ ነገር እንደሆነ፣ እንደምትታገሥም ተናግራ አለፈች። ከሐምዛ አጠገብ እንደርሱ የተቆራረጠ አንድ የአንሷር ሰው ከፈን አጥቶ ተጋድሟል። ሐምዛን በሁለት ጨርቅ ከፍኖ ያንን ያለ ከፈን መቅበር ነውር ሆነባቸው። ጨርቆቹ ደግሞ እኩል ስላልነበሩ ዕጣ ተጣለ። ለሰማዕታት አለቃ ከእህቱ የመጣለት ከፈን እንኳ ለጎረቤቱ የተካፈለ መሆኑን እዩ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሐዘኑ ገና ትኩስ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለወጣቱ ጥያቄ መልስ የያዘው ክፍል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲመለሱ በአንሷሮች ሰፈር አለፉ። ከየቤቱ ሴቶች ለሞቱባቸው ሰዎች ሲያለቅሱ ሰሙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ሐምዛ ግን አልቃሽ እንደሌለው ተናገሩ። ሐምዛ ስደተኛ ነበር፤ ወገኑ አብዛኛው መካ ቀርቷል። በዐረብ አገር ሞቶ እዚያው የተቀበረ ዘመድ ያለው አንባቢ ይህን ንግግር ያለ ተፍሲር ይረዳዋል። የአንሷር አለቆች ይህን ሲሰሙ ሴቶቻቸውን ላኩ። ሴቶቹም መጥተው ለሐምዛ አለቀሱለት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አመስግነው ወደ ቤታቸው አሰናበቷቸው፤ ከዚያ ቀን ወዲያም ሙሾ ማውረድን ከለከሉ።

ሁለቱን ከተሞች አስተያዩ። መካ ላይ እንባ በአዋጅ ተከለከለ። መዲና ላይ የጦሩ መሪ ራሳቸው በአደባባይ አለቀሱ፤ አልቃሽ አጣ ብለውም አዘኑ። ቀጥሎ የተከለከለው እንባው አይደለም፤ ፊት መንጨት፣ ደረት መድቃት፣ በአላህ ውሳኔ ላይ መጮህ ነው። ይህን ልዩነት የምንሳሳት ብዙ ነን። አንዳንድ ዳዒዎቻችን ለቅሶ ቤት ገብተው እንባዋን የምታፈስ እናት ሲያዩ «ሐራም ነው! ሶብር አድርጊ!» ብለው ይቆጣሉ። በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕፃን ልጅ ኢብራሂም በእቅፋቸው ሲሞት አልቅሰዋል። ዓብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) እርስዎም ያለቅሳሉ ወይ ብሎ ቢደነቅ እንባው እዝነት እንደሆነ፣ ዓይን እንደሚያነባ፣ ልብም እንደሚያዝን፣ ምላስ ግን ጌታን የሚያስቆጣ እንደማይናገር አስረድተውታል። ሶብር ማለት ድንጋይ መሆን ቢሆን ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ ድንጋይ የሚሆኑት እርሳቸው ነበሩ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውም ባህላችን ከመካ ሹማምንት አዋጅ የተቀዳ ነው እንጂ ከመዲና አይደለም።

የበቀል ስሜት በሙስሊሞች ልብ አልተነሣም ማለቴ አይደለም። ተነሥቷል። በቲርሚዚ በተዘገበው መሠረት በኡሑድ ከአንሷር 64፣ ከሙሃጂሮች 6 ሰው ተገደለ። አንሷሮችም እንዲህ ያለ ቀን ካገኘን አብልጠን እንመልስላቸዋለን አሉ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በሐምዛ ፋንታ ብዙ ሰው እቆራርጣለሁ ብለው ዝተው እንደነበር የሚገልጹ ዘገባዎች አሉ። ከእነዚህ ዘገባዎች አንዳንዶቹን ኢብኑ ከሢርን የመሰሉ ሊቃውንት በሰነዳቸው ደካማ ብለዋቸዋል። የተረጋገጠው ነገር የሱረቱ ነሕል 126ኛዋ አንቀጽ መውረዷ ነው። አንዳንዶች እዚያው ኡሑድ ላይ፣ ሌሎች መካ በተከፈተች ጊዜ ወረደች ይላሉ። መልዕክቷ ባጭሩ፣ ብትቀጡ በደረሰባችሁ ልክ ብቻ ቅጡ፣ ብትታገሡ ግን ለታጋሾች የበለጠ ነው የሚል ነው። ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ ትዕግሥቱ በአላህ እርዳታ እንጂ እንደማይገኝ ይነግራቸዋል። ይህን ስናነብ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ ለተበደለ ሰው መብቱ አልተነፈገውም። ሁለተኛ፣ ልኩ ተቆርጦለታል። ሰባ ለአንድ የሚባል ሒሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዘጋ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ለሚልኳቸው ጦሮች ሁሉ አስከሬን እንዳይቆራርጡ ያዙ ነበር።

በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 630) መካ ተከፈተች። ቀኑ የተጠበቀው ቀን ነበር። አሥር ሺህ ጦር ከተማዋን ሞልቷል፤ የሐምዛ ባለዕዳዎች በሙሉ በእጃቸው ናቸው። ከጥቂት ሰዎች በቀር ለሁሉም ምሕረት ታወጀ። ሂንድ መጥታ ሰለመች። ከዚህ በፊት ከእርስዎ ቤት ይበልጥ ሲዋረድ ላየው የምመኘው ቤት አልነበረም፣ ዛሬ ግን ከእርስዎ ቤት ይበልጥ ሲከበር ላየው የምወደው የለም አለች፤ ይህም በቡኻሪ ተዘግቧል። የወሕሺይ ጌታ የነበረው ጁበይርም ሰለመ፤ ከሐዲስ ዘጋቢዎች አንዱ ለመሆን በቃ።

ወሕሺይ ግን ፈርቶ ወደ ጧኢፍ ሸሸ። ጧኢፍም ልትገባ ስትል የሚሸሽበት አጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መልዕክተኛን እንደማይነኩ ሰዎች ነግረውት ከጧኢፍ ልዑካን ጋር መጣ። ሲያዩት ወሕሺይ አንተ ነህ ወይ ብለው ጠየቁት። ነኝ አለ። ሐምዛን የገደልከው አንተ ነህ ወይ አሉት። የሰሙት ነው የሆነው አለ። ከዚያም፣ ፊትህን ከእኔ ልትሰውር ትችላለህን አሉት። ወሕሺይ ወጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እስከሞቱ ድረስ እንዳያዩት ሲርቅ ኖረ። ይህን የነገረን ራሱ ወሕሺይ ነው፤ ዘገባው በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ይገኛል።

ከሲራ ሁሉ ይህን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ ቆሜ አስባለሁ። ደሙ ተጠብቋል፤ እስልምናው ተቀባይነት አግኝቷል፤ ስድብ የለ፣ ግሣጼ የለ። በነቢይነታቸው ሙሉ ምሕረት ሰጡት። የሐምዛ አብሮ አደግ በመሆናቸው ግን ያንን ፊት ማየት አልቻሉም። አልቻልኩም ማለትን አላፈሩበትም። ለዓለማት እዝነት ሆነው የተላኩት ሰው ይህን ካሉ፣ እኛ ለአንድ የገጠር ወጣት አፉ ብለሃልና አሁኑኑ እቀፈው፣ ካላቀፍከው አፉታህ ውሸት ነው የምንለው በየትኛው ሥልጣናችን ነው? አፉታ ማለት እጅን መሰብሰብ ነው፤ ምላስንም መሰብሰብ ነው። ልብ ደግሞ የራሱ ጊዜ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር አለብኝ። የወሕሺይ ጉዳይና የወሎው ገዳይ ጉዳይ በሸሪዓ ሕግ አንድ አይደሉም። ወሕሺይ የገደለው በጦርነት፣ ገና ሙስሊም ሳይሆን ነው፤ እስልምና ደግሞ ከርሱ በፊት የነበረውን ያብሳል። ሙስሊም ሙስሊምን ሲገድል ግን ሌላ ነው። በሱረቱል በቀራ 178ኛው አንቀጽ እንደተደነገገው ቂሳስ አለ፣ ዲያ አለ፣ ምሕረት አለ። የዲያው መሠረት በሐዲስ 100 ግመል ነው። ይህ አንቀጽ ስለ ምሕረት ሲናገር ገዳዩንና የሟችን ባለ ደም በምን ቃል እንዳስተሳሰራቸው አስተውላችኋል? «ወንድም» በሚለው ቃል ነው። ደም ፈስሶ እንኳ ወንድማማችነቱ አልተፋቀም።

ለወጣቱ የከበደው ግን የሚከተለው ነበር፤ ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። የደም መብት የሟች ወራሾች ነው። የጓደኛ አይደለም፤ ምንም ያህል የተወደደ አብሮ አደግ ቢሆን። ወራሾቹም ቢሆኑ ቂሳስ ቢሹ በዳኛ ፊት ነው እንጂ በየጫካው አድፍጠው አይደለም፤ ቁርጡቢን የመሳሰሉ ሙፈሲሮች ይህን በግልጽ ጽፈዋል። ሱረቱል ኢስራእ 33ኛው አንቀጽ ባለ ደሙ ራሱ በመግደል ወሰን እንዳያልፍ ያዛል። እንግዲህ እናትየው ካሳ ሲቀበሉ ደም ሸጡ ሊባሉ አይገባም። አላህ በሰጣቸው መብት ተጠቀሙ እንጂ። በዚያ ካሳ ላይ «ሽያጭ» የሚል ስም የሚለጥፈው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ያልሞተበት ሰው ነው። ወላሁ አዕለም።

«ታዲያ የእኔ ድርሻ ምንድነው?» አለኝ። ከመካ ሹማምንትና ከዚያ ዓይኑ ከጠፋው ሽማግሌ ጀምሮ እስከ ሐምዛ አልቃሾች ያለውን ከላይ እንደጻፍኩት ነገርኩት። ድርሻህ ማዘኑ ነው፤ እርሱን ማንም አይወስድብህም አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። መግሪብ ሰግደን ተለያየን።

የወሕሺይ ታሪክ ግን ፊቱን ሰውሮ በመሄዱ አላለቀም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ካረፉ በኋላ በአቡበክር (ረ.ዐ.) ኸሊፋነት ሐሰተኛው ነቢይ ሙሰይሊማ በየማማ ተነሣ፤ የኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ጦርም ዘመተበት። ወሕሺይም፣ ምናልባት ሙሰይሊማን ብገድል የሐምዛን እመልስ ይሆናል ብሎ አብሮ ዘመተ። እንዳሰበውም ጦሩን ወርውሮ ሙሰይሊማን ወጋው፤ አንድ የአንሷር ሰው ደርሶ በሰይፍ ጨረሰው። በአገራችን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ይህ የወጋ ሰው ግን አልረሳም። በዚያው ጦር ከሰዎች ሁሉ መልካሙንም ክፉውንም እንደገደለበት ሲናገር ኖሯል።

ከብዙ ዘመን በኋላ በሻም አገር በሒምስ ከተማ ሲኖር ሁለት ሰዎች ሊጠይቁት መጡ። አንደኛው ዑበይዱላህ ኢብኑ ዐዲይ ከጁበይር ጎሳ ከበኑ ነውፈል ነው። በጥምጥሙ ፊቱን ሸፍኖ ነበርና ከዓይኑና ከእግሩ በቀር የሚታይ አልነበረውም። ወሕሺይ ታውቀኛለህ ወይ ተብሎ ቢጠየቅ እግሩን ተመለከተ። በመካ ሳለ አንድ ሕፃን ተወልዶ አጥቢ እንደፈለገለት፣ ተሸክሞም ለእናቱ እንዳቀበለው፣ ይህ እግር የዚያን ሕፃን እግር እንደሚመስል ነገረው። ከዚያ በኋላ ነው ዑበይዱላህ ፊቱን ገልጦ ሐምዛን እንዴት እንደገደልከው ንገረን ያለው፤ ወሕሺይም ሁሉንም ምንም ሳይደብቅ ነገራቸው። ያን ቀን ባይነግራቸው ኖሮ ፊትህን ሰውርልኝ የሚለውን ንግግር እኛም አናውቀውም ነበር።

ወጣቱ ከወራት በኋላ ስልክ ደወለልኝ። እርቁ ተፈጽሟል። በሬ ታርዷል፣ ዱዓ ተደርጓል፣ ካሳው ለእናትየው ተሰጥቷል። እርሱም ተገኝቷል፤ ከኋላ ነበር የተቀመጥኩት አለኝ። በመጨረሻ ገዳዩ እየዞረ ሰው ሁሉ ሲጨብጥ ወደ እርሱ ሲደርስ ግን ፊቱን አዞረበት። ሽማግሌዎቹ እርቁን ልታፈርስ ነው ብለው ተቆጡት። የሟች እናት ናቸው ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው «ተዉት ልጄን፤ መምጣቱ ይበቃኛል» ያሏቸው።

አልቅሰህ እንደሆነስ ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም አለ። ከእርቁ በኋላ እናትየው ወደ ቤት ወስደው ያንን አሮጌ ሉሕ ከግድግዳው አውርደው እንደሰጡት ነገረኝ። «መንገድ ላይ» አለኝ፤ «ብቻዬን ስሆን።»